ከውሰት የተመለሰ ግራይንደር

ደህና ሆኖ የወጣ ግራይንደር ታሞ ሲመለስ የሁሉም አፍ ላይ የሚመጣው «ማን አበላሸው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ በብረት ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አንዱ ቤት ትልቁ ግራይንደር አለው፣ ጎረቤቱ ድሪል፣ ማዶ ያለው የብየዳ ማሽን። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ገንዘብ ልኮ ቤት ሲያሠራ፣ በሩና መስኮቱ በቀጠሮው ቀን እንዲደርስ ማሽኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ካልተዋዋስን ሥራው አይሄድም። ስለዚህም ነው «ማን?» የሚለውን አቆይተን «ምን ሆነ?» ከሚለው መጀመር አለብን የምለው። ይህኛው በወጉ ከተመለሰ፣ ያኛው ወይ መልሱ ይቀላል ወይ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል።

የመዋስ ልማዳችን ያደገው ጉዳታቸው በዓይን በሚታይ መሣሪያዎች ነው። ተውሰው የወሰዱት መጥረቢያ ስለቱ ተሸርፎ ቢመለስ ሽራፊው ራሱ ይናገራል። የእንሰት መፋቂያው ቀርከሃ ቢሰነጠቅ ባለቤቷም የተዋሰችውም ስንጥቁን እኩል ያዩታል። ሞተር ግን እርጅናውን ይደብቃል። በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ካርቦኖች በስፕሪንግ እየተገፉ በሚሽከረከረው አርማቸር ላይ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ እየተፋቁ እንዲያልቁ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አዲስ ሲሆኑ 15 ሚሊ ሜትር ያህል የነበሩት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሲቀራቸው ስፕሪንጉ አጥብቆ መግፋት ያቅተዋል፤ ብልጭታው ይበዛል፣ ማሽኑ ይንተባተባል፣ ከዚያም ይቆማል። እስከዚያች ዕለት ድረስ እንደ አዲስ ሲሠራ ነበር። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሲፍቀው የኖረውን ካርቦን ተዋሹ በአንድ ቅዳሜ ቢጨርሰው፣ ወቀሳው በሙሉ የሚወድቀው ግን በቅዳሜው ሰው ላይ ነው።

ፍለጋው ከውጭ ይጀምራል። ማሽኑ ያለ ኤክስቴንሽን፣ ደህና መሆኑ በታወቀ ሶኬት ላይ ይሞከር። ቀጥሎ ስፒናው ተፈትቶ ይታይ፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ፕላስቲክ ይጠቁራል። ከዚያ ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበት አንገት አለ። ማሽኑን በገመዱ አንጠልጥሎ የሚሸከም ሰው መዳቡን የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ላስቲኩ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ተበጥሶ ይገኛል። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ገመዱን እያጠፉ በቴስተር መለካት ነገሩን ይለያል። የብዙ ግራይንደሮች ሕመም ግን ማሽኑ ውስጥ አይደለም፤ መስመሩ ላይ ነው። 2,000 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ 50 ሜትር ኤክስቴንሽን ፎቅ ላይ ሲሠራ፣ ሽቦው በደርሶ መልሱ ከ2 ኦም በላይ ስለሚሆን 20 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ መስመሩ ራሱ ደክሞ ወደ 180 ወርዶ ከሆነ ማሽኑ 160 አካባቢ ይደርሰዋል። እንዲህ የዋለ ግራይንደር «ጉልበቱ አልቋል» ተብሎ ይመለሳል፤ በደህና ሶኬት ሲሞከር ግን ምንም አልሆነም።

አደጋው የሚመጣው ሠራተኛው የጎደለውን ጉልበት በክንዱ ሊሞላ ሲጫን ነው። ዲስኩ ሲንቀራፈፍ ማራገቢያውም አብሮ ይንቀራፈፋል፣ ሁለቱም ያሉት በአንዱ ሞተር ጉልበት ላይ ነውና። የሚስበው አምፔር ደግሞ ይጨምራል፤ አምፔር በእጥፍ ሲያድግ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፍታችንም አያግዝም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። ቆላ ላይ ሞቆ የሚተርፍ ማሽን እዚህ ሊቃጠል ይችላል።

ሲከፈት ቃጠሎና ማለቅ ይለያያሉ። አርማቸሩ ላይ ያለው መዳብ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ጤና ነው። ከመዳቦቹ አንዷ ወይም ሁለቷ ብቻ ተበልተው ከጠቆሩ አንድ ጥቅል ተበጥሷል። ሽቦው ዙሪያውን ጠቁሮ ቫርኒሹ ከተኮማተረና ያ የማይረሳ ሽታ ካለ፣ ማሽኑ በቅርቡ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ ይህ የዓመት ሥራ አይደለም። የዲስኩ መከለያ ወልቆ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባለ 180 ዲስክ ቢገባበት የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይበርራል፤ የመቁረጫ ዲስኮች የሚሠሩት ግን በአመዛኙ ለ80 ሜትር ነው። ሞተሩ መቃጠሉ የሚያሳዝን ነው፤ ዲስኩ ተሰባብሮ ፊት ላይ አለመድረሱ ግን ዕድል ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ሲገኝ ጥፋቱ የተዋሹ መሆኑን ፊት ለፊት መናገር ይገባል።

«ስሰጠው ይሠራ ነበር፣ ሲመልሰው አይሠራም፤ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ አለ?» የሚል ባለቤት ከፊል እውነት አለው። ቃሉ የሚጸናው በድንገት ለሚመጣ ጉዳት ነው፦ ለቃጠሎ፣ ለስብራት፣ ለመውደቅ። ቀስ በቀስ ለሚያልቀው ካርቦን፣ ለሚንኳኳ ኩሽኔታ፣ ለደረቀ ግራሶ ግን አይሠራም። ጠጋኙስ ይታመናል ወይ የሚለው የበለጠ ይከብዳል፤ ካርቦን ከመቀየር ይልቅ ሞተር መጠቅለል ብዙ ያስከፍላልና። መልሱ ማሽኑን ሁለቱም ባሉበት መክፈትና የወለቀውን ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ ይሉኝታው ነው፤ በጎረቤት መካከል ማሽን ፈትቶ መመርመር መካሰስ ይመስላል። ሳይመረመር ቂም ከተያዘ ግን በሚቀጥለው ጊዜ «ልጁ ይዞት ወጥቷል» ይባልና ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ይላል፤ የጎረቤትም ሥራ ይቆማል። በሐድያና በከምባታ ሽማግሌ የተጣሉትን ሲያስታርቅ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈርድም። ማሽኑም ቃል አለው።

ምርመራው ጥል እንዳይመስል ጊዜው ይቀየር፤ ሲመለስ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ይደረግ። በብዙ ግራይንደሮች ላይ የካርቦኑ ክዳን ከውጭ በካቻቢቴ ይፈታል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የካርቦኑ ርዝመት በሁለቱ ፊት ይታይ፤ ካነሰ ተዋሹ ሳይወስድ በባለቤቱ ወጪ ይቀየር። ተገጣጥሞ ያለ ሥራ አንድ ደቂቃ ይዙር፣ ድምፁ ይደመጥ። መከለያው እንደተገጠመ፣ ከወፍራም ኤክስቴንሽኑ ጋር ይሰጥ። ሲመለስም ተዋሹ ራሱ ክዳኑን ፈትቶ ያሳይ።