ወርዋሪን ያለጊዜው ስለ መለወጥ

በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ፥ ኳስ ወርዋሪው የጀመረውን ጨዋታ ራሱ እንዲፈጽም ቀድሞ ይጠበቅበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ጨዋታ ያቆመው ሳይ ያንግ 749 ጨዋታዎችን ጀምሮ ፈጽሟል። ዛሬ ግን ጀማሪው ከዘጠኙ ዙር አምስቱን ወይም ስድስቱን ሠርቶ ለተተኪ ይለቃል። ምክንያቱም ከንቱ አይደለም፤ ክንድ ይደክማል፤ መቺዎችም አንዱን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት አወራወሩን ስለሚለምዱት በአማካይ ይበልጥ ይመቱታል።

እኛ የምንነቅፈው ቍጥሩን ሳይሆን አጠቃቀሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በፍጻሜው ውድድር ስድስተኛ ጨዋታ፥ የታምፓ ቤይ ቡድን 1 ለ0 ሲመራ፥ አሠልጣኙ ኬቪን ካሽ 73 ኳስ ብቻ የወረወረውን ብሌክ ስኔልን በስድስተኛው ዙር አስወጣው። ቀጥለው የሚመጡትን ሦስት መቺዎች ግን ስኔል በዚያው ምሽት እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ በስትራይክ አሰናብቷቸው ነበር። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በዚያው ዙር መሪነቱን ያዘ፤ 3 ለ1 አሸንፎም ዋንጫውን ወሰደ።

እርግጥ ሽንፈቱ ብቻውን ስሕተቱን አያስረዳም፤ ስኔል ቢቈይም ሊመታ ይችል ነበር። ነገር ግን አማካይ ከብዙ ቀን የተሰበሰበ ነው፤ አሠልጣኙ የሚፈርደው ስለ አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ቍጥሩ መካሪ እንጂ አዛዥ ሊሆን አይገባውም እንላለን።