ሁለት ዘመን በአንድ ሚዛን

በተለያየ ዘመን የነገሡ ስፖርተኞችን ማወዳደር የራሱ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። የቦክስ ወዳጆች ጆ ሉዊስ ይበልጣል ወይስ ሞሐመድ አሊ እያሉ እንደሚሟገቱት ሁሉ፣ በኢትዮጵያ ሙግቱ የሚነሣው በሯጮች ነው፤ አበበ ቢቂላ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወይስ ቀነኒሳ በቀለ? ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ ቡና ፈልቶ ጨዋታ ሲደራ የሚነሣው ጥያቄ የስፖርት ጋዜጠኛውንም፣ አሠልጣኙንም፣ የታሪክ ጸሐፊውንም በየሥራው ይገጥመዋል። ልዩነቱ ቡና ላይ የተሰጠ ፍርድ ከስኒው ጋር ሲነሣ፣ በጽሑፍ የሰፈረው ግን ለልጅ ልጅ መትረፉ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በምን ሚዛን እንደመዘነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦክስ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው፤ የቦክሰኛን ልክ የሚናገር ሰዓትም ሜትርም የለምና። በ1969 አሜሪካ ውስጥ ይህን ጉድለት በማሽን ለመሙላት ተሞክሮ ነበር። 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከቦክስ የተሰናበተው ሮኪ ማርሲያኖና፣ እስከዚያ ጊዜ ሽንፈት ያልቀመሰው አሊ ካሜራ ፊት ቀረቡ፤ አሸናፊውን የመረጠው ግን ኮምፒውተር ነበር። ፊልሙ በ1970 መጀመሪያ ለሕዝብ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን በዝረራ አሸነፈ። ሙግቱ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ቦክሰኞችን የሚያወዳድር ሰው የሚተማመንበት መለኪያ ስለሌለው መጠየቅ ግዴታው ይሆናል፦ ማንን አሸነፈ? ምን ያህል ዘመን ነገሠ? ምን ዕድል አገኘ፣ ምንስ አመለጠው? ለተከታዮቹ ምን አወረሰ? ሯጮችን የሚያወዳድረው ሰው ግን በእጁ ሰዓት አለው። ሰዓቱ መልሱን የያዘ ስለሚመስል እነዚህን ጥያቄዎች ያስረሳል፤ የሙያው ትልቁ ስሕተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ሰዓቱን ብቻ ያመነ ሰው የሚደርስበትን እንመልከት። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2፡15፡16፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በ2፡12፡11 ጨረሰ፤ ሁለቱም በጊዜው በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበራቸው ሰዓቶች ናቸው። በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ 2፡06፡50 ሮጠ። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2፡03፡59 በመግባት ከ2፡04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀነኒሳ በ2019 በዚያው በርሊን 2፡01፡41 ሮጠ። በ2023 ደግሞ ትዕግስት አሰፋ በወቅቱ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን በሆነው 2፡11፡53 ገባች። ይህ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ዳኛው ሰዓት ብቻ ከሆነ አበበ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል። የትዕግስት ድል ታላቅ ነው፤ ሁለቱ ሰዓቶች ግን የአንድ ዓለም ሰዓቶች አይደሉም።

ልዩነቱን ያመጡት ነገሮች በስም ሊጠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው መሬቱ ነው። እስከ ቶኪዮ ድረስ የኦሊምፒክ የመም ሩጫ የሚካሄደው በከሰል ፍርፋሪና በአመድ በተደለደለ መም ላይ ነበር፤ ሰው ሠራሽ መም በኦሊምፒክ የታየው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው። ሁለተኛው ጫማ ነው። ከ2017 ወዲህ በወፍራምና በሚያስፈነጥር ሶል ውስጥ የካርቦን ሰሌዳ የተቀበረባቸው ጫማዎች በገበያ ላይ ውለው የጎዳና ሩጫን ሰዓት ለወጡ፤ የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሦስተኛው ፍጥነት መጠበቂያው ነው። ቀነኒሳ በ2004 በ5,000 ሜትር ያስመዘገበው 12፡37.35 ለ16 ዓመት፣ በ2005 በ10,000 ሜትር ያስመዘገበው 26፡17.53 ለ15 ዓመት ሳይደፈር ቆየ። በ2020 ሁለቱንም የሰበረው ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በቫሌንሲያው የ10,000 ሜትር ሩጫ ከአሯሯጮቹ ሌላ በመሙ ጠርዝ የሚፈጥን መብራት ይመራው ነበር። ቼፕቴጌ ታላቅ ሯጭ ነው፤ ሰዓቱን ከቀነኒሳ ሰዓት ጎን የሚያስቀምጥ ሰው ግን መብራቱንም አብሮ መጻፍ ይገባዋል።

ቦታም ከመሬቱ ጋር ይታያል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የደራርቱ ቱሉና የቀነኒሳ መፍለቂያ በቆጂ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በጣና ዳር ሜዳ ላይ የተሮጠ 10 ኪሎ ሜትርና በበቆጂ ዳገት የተሮጠው፣ ሰዓታቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሥራ አይደሉም። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶንን ያሸነፈው በ2፡20፡26 ነበር፤ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት 8 ደቂቃ ያህል የዘገየ ነው። ከተማዋ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ የገባው ከማሞ 3 ደቂቃ ዘግይቶ ነው።

ከዚህ የሙያው የመጀመሪያ ደንብ ይወጣል፦ ሯጭን በሌላ ዘመን ሰዓት ከመለካት በፊት በዚያው ቀን፣ በዚያው መሬት ከሮጡት መለካት። አበበ በቶኪዮ ሁለተኛ የወጣውን ባሲል ሂትሊን በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቀደመው፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው። ይህ ርቀት በየትኛውም ዘመን ሰዓት አይቀንስም። ደንቡ ግን ብቻውን አይበቃም። ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቁን ያገኘው በ0.09 ሰከንድ ብልጫ ነው። ጥበቱን ብቻ ያየ ድሉን ትንሽ ያደርገዋል፤ የተቀደመው ማን እንደነበር የጠየቀ ግን ፖል ቴርጋትን ያገኛል። ቴርጋት የዓለም አገር አቋራጭን ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፈ፣ በኋላም በ2003 የማራቶንን ክብረ ወሰን በ2፡04፡55 የያዘ ሰው ነው። የአሊ ስም ከተቀናቃኞቹ ከሊስተን፣ ከፍሬዘርና ከፎርማን ተለይቶ እንደማይነሣ ሁሉ የኃይሌም ታላቅነት ከቴርጋት ጋር ተሰፍቷል።

ሁለተኛው ደንብ ዕድልን ይመለከታል። ሜዳሊያ የሚቆጥር ሰው አስቀድሞ ውድድሩን መቁጠር አለበት። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1983 ነው፤ ስለዚህ ኃይሌ ከ1993 እስከ 1999 በ10,000 ሜትር ያገኛቸውን አራት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮናነት ክብሮች ከአበበም ሆነ ከማሞ መጠየቅ አይቻልም። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 የአገር አቋራጭን አጭርና ረጅም ርቀት በየዓመቱ ደርቦ አሸነፈ፤ በ2008 ሲጨምርበት 11 የግል ወርቅ ሆነለት። የአዋቂዎች አጭር ርቀት ግን ከ1998 እስከ 2006 ብቻ የነበረ ውድድር ነው፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሻምፒዮናው በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። የዛሬ ሯጭ ቢፈልግም ያንን ቁጥር የሚደርስበት መንገድ የለውም።

የሴቶች ታሪክ ይህን ደንብ ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1988 ሴኡል ላይ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ አልተገኘችም። ስለዚህ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ኢትዮጵያዊት ሴት በዚህ ርቀት በኦሊምፒክ መወዳደር የቻለችበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር፤ እርሷም በመጀመሪያው በር ገብታ ወርቁን አመጣች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ በ2012 ደግሞ በ10,000 ሜትር ያገኘቻቸው ሦስት ወርቆች ብዛታቸው ከደራርቱ ሁለት ቢበልጥም፣ የሴቶች 5,000 ሜትር በኦሊምፒክ የገባው በ1996 መሆኑ አብሮ ይጻፋል።

ፖለቲካ የዘጋው በርም አለ። አሊ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ታገደ። ኢትዮጵያውያንም በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒክ አልተሳተፉም። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ በ1976 ከሞንትሪያል ቀረ፤ በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ደርቦ ወሰደ። በላይነህ ዴንሳሞ የማራቶንን ክብረ ወሰን በሰበረበት በዚያው ዓመት ሴኡል አልሄደም። እዚህ ላይ አወዳዳሪው በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው ያልተሮጠ ውድድር ላይ ወርቅ መስጠት ነው፤ ሌላው ባዶውን ዓመት እንደ ድካም መቁጠር ነው። ትክክለኛው መንገድ በባዶው ዓመት ዙሪያ ያለውን ማስረጃ መፈለግ ነው። ምሩጽ በ1977 እና በ1979 የዓለም ዋንጫ በሁለቱም ርቀቶች አሸንፏል፤ የበላይነህ ክብረ ወሰን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1998 በብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ ነው የተሰበረው። ሁለቱም በዘመናቸው ማን እንደነበሩ ለመናገር ይህ ይበቃል።

ሦስተኛው ደንብ ትውልዶች ፊት ለፊት የተገናኙበትን ቀን በጥንቃቄ መያዝ ነው። በ1951 ወጣቱ ማርሲያኖ የ37 ዓመቱን ጆ ሉዊስን በ8ኛው ዙር ዘረረ፤ ያ ምሽት ግን ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ዘውዱን 25 ጊዜ የተከላከለበትን ዘመን አልሰረዘም። በ2004 አቴንስ ላይም ቀነኒሳ 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ፣ በጉዳት የሰነበተው ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። የዚያ ሩጫ ትርጉም ዘመን መተላለፉ ነው። በ1998ቱ ኃይሌና በ2005ቱ ቀነኒሳ መካከል ፍርድ የሰጠ አድርጎ ማንበብ ከአንድ ሰው ማለዳና ከሌላው ማምሻ እኩል መጠበቅ ይሆናል።

አራተኛው ደንብ ምስክርን ይመዝናል። የአበበ የሮም ድል ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ነበር፤ መንገዱ ችቦ በያዙ ወታደሮች እየበራ፣ ከአክሱም ተወስዶ እዚያ ተተክሎ በነበረው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ስለሆነ አገሩ ድሉን የሰማው በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። የቀነኒሳን ሩጫ ግን ፋሲሎ ያለ ወጣት ዙር በዙር አይቶታል፤ ያሸነፈበትንም፣ አቋርጦ የወጣበትንም። በወሬ የተሰማ ሰው እየገዘፈ ይሄዳል፤ በዓይን የታየ ሰው ድካሙ ሳይቀር ይታወሳል። አበበ ሁልጊዜ በባዶ እግሩ እንደሮጠ የሚናገር ብዙ ነው፤ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ከሮም በ3 ደቂቃ ፈጥኗል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ያቋረጠውም እርሱ ነው። ይህን መጻፍ የአበበን ክብር አይቀንስም፤ ጀግና ከተከታዩ ጋር ሊወዳደር የሚችለው በሰው ልክ ሲታይ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ውርስ ነው። በሮም ጎዳና የኢትዮጵያን ስም ለዓለም ሩጫ ያስተዋወቀው አበበ ነው፤ ማሞ በ1968 የማራቶኑን ወርቅ ሲያገኝ ድሉ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ አሳየ። ደራርቱ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኢላና ማየርን ይዛ በባርሴሎና መም ስትዞር፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ነበረች። በሰዓት የማይለካው ይህ ሥራ ከኋላ የመጣው ሁሉ የቆመበት መሠረት ነው።

እነዚህ መልሶች ተደምረው አንድ ቁጥር አይሆኑም፤ እያንዳንዱ በየስሙ ይጻፋል። መንገድ በመክፈትና በዕለቱ ተፎካካሪን አርቆ በመተው አበበ ይቀድማል። ከቤት ውስጥ 1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮናነት እስከ ማራቶን ክብረ ወሰን በተዘረጋ ስፋት ኃይሌ ይቀድማል። በመምና በአገር አቋራጭ በአንድ ዘመን ሁሉን በመግዛት ቀነኒሳ ይቀድማል። በሴቶች በኩል በር በመክፈት ደራርቱ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ብዛት ጥሩነሽ ትቀድማለች። ታምራት ቶላ በ2024 ኦሊምፒክ በፓሪስ ዳገታማ ጎዳና ማራቶንን በ2፡06፡26 አሸንፎ፣ ከገዛኸኝ አበራ የ2000 ድል በኋላ በወንዶች ማራቶን የጠፋውን ወርቅ ሲመልስ፣ ወደ ሚዛኑ የሚገባው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው፤ ከሰዓቱ ጎን ዳገቱ፣ ጫማውና አብረውት የሮጡት ሰዎች ይጻፋሉ።