ብርዕ፣ ቀለምና ብራና

የቁም ጸሐፊ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን እርስ በርሱ መስማማት አለበት። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጫፉ በስለት ተጠርቦ መሐሉ ላይ በስሱ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ወደ ቆዳው የሚወርደው በዚያች ስንጥቅ ነው። ጫፉ ሰፋ ሲል ጉልሕ የወንጌል ፊደል፣ ጠበብ ሲል ደቃቅ ጽሕፈት ይወጣዋል። ሲደነዝዝ እንደገና ይቀረጻል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ተቆልቶ ካረረ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ይዘጋጃል። ተወቅጦ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ለወራት እየተማሰለ ይብላላል። ይህን ያህል መድከሙ ተገቢ ነው፤ ጥላሸት ካርቦን በመሆኑ ብርሃን አያደበዝዘውም። ቀዩ ቀለም ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይውላል። ለእርሱም የራሱ ቀንድና የራሱ ብርዕ ይያዝለታል፤ ጥቁር የነካው ብርዕ ቀዩን ያደፈርሰዋልና።

ከሁሉ የሚከብደው ብራናው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ሲሆን፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋው ይፋቃል፤ ጠጉሩም ይላጫል። ስብ የቀረበት ቆዳ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ጥሩ ፋቂ ከጥሩ ጸሐፊ ባልተናነሰ ሊመሰገን ይገባዋል። መስመሩ በወስፌ ይጫራል እንጂ በቀለም አይሰመርም፤ ገጹን ወደ ብርሃን ያዘነበለ አንባቢ ጭረቱንና ከላይ የወስፌውን ቀዳዳዎች ያያል።

እንዲህ የተሠራ መጽሐፍ ዘመን ይሻገራል፤ ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ብራና በራዲዮካርቦን ተመርምሮ፣ ዕድሜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። የግእዙ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል።