«መዳብን ከመስመሩ አርቅ» ስለሚባለው ደንብ

የራዲዮ ምልክት የሚያልፍበትን መስመር በሰርኪዩት ቦርድ ላይ የሚነድፍ ተማሪ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም በጎን ያለው መዳብ ከመስመሩ ስፋት 3 እጥፍ ይራቅ የሚል ነው። ምክሩ ለማስታወስ ስለሚቀል ብዙዎቻችን ምክንያቱን ሳንጠይቅ እንቀበለዋለን። ነገር ግን ሲመረመር ደንቡ ርቀቱን የሚለካው በማይገባው መለኪያ ሁኖ ይገኛል።

ደንቡ የተለመደው ሁለት መስመሮች አንዱ የሌላውን ምልክት እንዳይወስድ ለመከላከል ነው፤ ርቀቱም የሚቈጠረው ከመስመር መካከል እስከ መስመር መካከል ነው። ስለ መሬት መዳብ ስንናገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የጎኑ መዳብ የመስመሩን ኢምፒዳንስ ምን ያህል ይለውጣል? ይህን በይበልጥ የሚወስነው መስመሩ ከሥሩ ካለው የመሬት መዳብ ያለው ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ መስኩ አብዛኛውን በቅርብ ወዳለው መዳብ ያዘነብላልና የጎኑ መዳብ ከከፍታው ብዙ እጥፍ ሲርቅ ድርሻው እጅግ ያንሳል።

ለምሳሌ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር፥ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 4.4 የሆነ የኤፍ አር 4 ቦርድ እንውሰድ። በዚህ ላይ የ50 ኦም መስመር ስፋቱ 3 ሚሊሜትር፥ የ100 ኦሙ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። በደንቡ መሠረት የፊተኛው በየጎኑ 9 ሚሊሜትር፥ የኋለኛው 2.1 ሚሊሜትር ባዶ ስፍራ ይጠይቃሉ። ከፍታው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። እንግዲህ ደንቡ ለሰፊው መስመር ቦታ ያባክናል፤ ለቀጭኑ ደግሞ ጥበቃውን ያሳንሳል። ጉድለቱ ሳይታወቅ የቈየው አብዛኛው ሥራችን በ50 ኦም ስለ ሆነ ነው፤ በዚያ ላይ ስፋቱ የከፍታው ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሆን ከቦታ በቀር የሚጠፋ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉድለት «አርቅ» የሚለው ቃል መዳብን ሁሉ ጠላት ማስመሰሉ ነው። ይህን ሰምቶ ከመስመሩ ሥር ያለውን መዳብ ጭምር የሚያነሣ አለ። የተመላሹ ጅረት መንገድ ግን እርሱ ነው፤ ቢቈረጥ ጅረቱ ዞሮ ለመሄድ ይገደዳል፥ ኢምፒዳንሱ ይዛባል፥ ምልክቱም ወደ ውጭ ይረጫል። በጎን ያለውም ቢሆን ታስቦበት ሊቀርብ ይችላል። ቼንግ ፒ. ዌን እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቀው ኮፕላነር ዌቭጋይድ መሬቱን በመስመሩ ግራና ቀኝ በቅርብ የሚያኖር ነው። በቦርዳችን ላይ ከሥርም መሬት ስላለ የጎኑን መዳብ በተለበጡ ቀዳዳዎች ከእርሱ ጋር ማገናኘት፥ የመስመሩንም ስፋት ክፍተቱን አስገብቶ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

የሚጎዳው ሳይሰላ የቀረበ ወይም ከመሬት ጋር ሳይገናኝ የተተወ መዳብ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ርዝመቱ ከ3 ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቍራጭ መዳብ ከምልክቱ ጋር አብሮ ሊያስተጋባ ይችላል። አንቴና ብቻ ልዩ ነው፤ ሥራው ወደ አየር መርጨት ስለ ሆነ ሠሪው ባዶ ይሁን ያለው ስፍራ በየንብርብሩ ባዶ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ የላቦራቶሪ መመሪያዎቻችን ርቀቱን በስፋት መስጠትን ትተው በከፍታ ቢሰጡት ይሻላል። ለመነሻ የከፍታው 3 እጥፍ ቢያዝ ከላይ ባየነው ቦርድ ላይ ለሁለቱም መስመሮች 4.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ ይበልጥ ማቅረብ የሚፈልግ ተማሪ ስሌቱን ከንድፉ ጋር ያቅርብ፤ መምህሩም ቦርዱ ከመታተሙ በፊት እርሱን ይጠይቀው።