ወረፋ የሌለበት ግብር

ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ ለመክፈል ሲሉ ክረምቱን መንከራተት ግን መሆን አልነበረበትም። ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዣንጥላ ይዞ ከግብር ቢሮ ደጅ ሲሰለፍ፣ ተራው ሲደርስም «ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ያየ ሰው፣ ኢ-ታክስ የተባለውን የገቢዎች ሚኒስቴር የኢንተርኔት አሠራር ከልቡ ያመሰግናል።

በይለፍ ቃልዎ ይገባሉ፤ ገቢና ወጪዎን ሞልተው ይልካሉ፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ያልቃል። እኔ አብልጬ የምወደው ማስረጃውን ነው። ምን ብለው እንዳሳወቁና በየትኛው ቀን እንደላኩ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተር ቢመጣ ክርክሩ በሰነድ ይሆናል። የጠፋ ፋይል ለማስፈለግ ደጅ መጥናት፣ ለዚያም እጅ መንሻ ማሰብ ይቀራል። ለድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ እፎይታው በየወሩ ነው፤ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቀነሰውን ግብር የሚያሳውቀው በየወሩ ነውና።

ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ሲስተሙ ይጨናነቃል። ይህ መስተካከል አለበት። ቢሆንም ወደ ወረፋው እንመለስ የሚል ነጋዴ አላውቅም።

የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። እባካችሁ መስከረም ላይ ጨርሱት፤ የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ።