‹‹ኩኩሉ!›› ‹‹አልነጋም!›› — ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ጠፋው ድመቱ

አንድ የተከበረ ሽማግሌ፣ ያውም ጦርነት ቤቱን አቃጥሎበት እየቀለደ የተነሣ ሽማግሌ፣ ድመት ጠፋብኝ ብሎ ምግብ እምቢ ቢል፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲያለቅስ ቢያድር ምን እንለዋለን? እኛ ዘንድ መልሱ ቅርብ ነው። ‹‹ጃጅቷል›› እንላለን። ደግ ጎረቤት ካለው ደግሞ ‹‹ሌላ የተደበቀ ሐዘን ቢኖርበት ነው እንጂ ለድመትስ እንዲህ አይኮንም›› ይልለታል። የጃፓኑ ፊልም ሠሪ አኪራ ኩሮሳዋ በመጨረሻው ፊልሙ ሁለቱንም መልሶች አልቀበልም ይላል። ሰውየው አልጃጀም። ሌላ ሐዘንም አልደበቀም። የሚያለቅሰው ለድመቱ ነው።

ፊልሙ ‹‹ማዳዳዮ›› ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ኩሮሳዋ የ83 ዓመት አዛውንት ነበር። ‹‹ራሾሞን››ንና ‹‹ሰባቱ ሳሙራይ››ን የሠራ ሰው እዚህ ሰይፍም ፈረስም አላስገባም። ከሁለት ሰዓት በላይ የምናየው አንድ ጡረታ የወጡ የጀርመንኛ መምህርና እንደ አባት የሚያዩዋቸው የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲበሉ፣ ሲጠጡና ሲቀላለዱ ነው። ከዚያ በኋላ ኩሮሳዋ ሌላ ፊልም ሳይሠራ በ1998 ዓለምን ተሰናበተ።

ባለታሪኩ እውነተኛ ሰው ነው። ኡቺዳ ሂያኬን (1889–1971) ጀርመንኛ ሲያስተምር ቆይቶ ኑሮውን በብዕሩ ያደረገ፣ በወግ ጽሑፎቹ የታወቀ ደራሲ ነበር። ማስተማር የተወው በ1934 ሲሆን ኩሮሳዋ ለድርሰቱ እንዲመቸው ወደ 1943 ገፍቶታል፤ ይህ ቅር የሚያሰኝ አይደለም። እንግዲህ ደራሲውን ሂያኬን፣ በፊልሙ የምናያቸውን ሽማግሌ ደግሞ ‹‹የኔታ›› ብንላቸው ነገሩ ይቀለናል። ጃፓኖች ‹‹ሰንሴይ›› ሲሉ በውስጡ ያለውን ፍቅርና ፍርሃት ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል ያለን አይመስለኝም።

‹‹ማዳዳዮ›› ማለት ‹‹ገና ነው!›› ማለት ነው። የጃፓን ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ፈላጊው ‹‹ማዳ ካይ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ ገና ነው ወይ? ማለቱ ነው። የተደበቁትም ‹‹ማዳ ዳዮ!›› ይላሉ። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ፈላጊው እንደ አውራ ዶሮ ‹‹ኩኩሉ!›› ሲል ከየጓሮውና ከየበሩ ሥር ‹‹አልነጋም!›› እያልን ያደግን ሕዝቦች ነን። የፊልሙን ርእስ ለመተርጎም የተነሣ ሰው ‹‹ገና ነው›› ብሎ መዝገበ ቃላታዊ ፍቺውን ከሚሰጠን ‹‹አልነጋም›› ቢለን ይሻላል። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የኔታን የልደት ግብዣ ይጋብዟቸዋል። በአንድ ድምፅ ‹‹ማዳ ካይ?›› ይሏቸዋል፤ ገና አልሞቱም ወይ? ነው ነገሩ። የኔታም ትልቁን የቢራ ብርጭቆ አንስተው እስከ ታች ይጨልጡና ‹‹ማዳ ዳዮ!›› ብለው ይጮኻሉ። አዳራሹ በሣቅ ይፈርሳል።

የኔታ ቀልደኛ ናቸው። ሌባ እንዳይገባባቸው በር ከመቆለፍ ይልቅ ‹‹የሌባ መግቢያ››፣ ‹‹የሌባ መተላለፊያ››፣ ‹‹የሌባ ማረፊያ››፣ ‹‹የሌባ መውጫ›› የሚሉ ጽሑፎች በየቦታው ይለጥፋሉ። በ1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቶኪዮን ሲያነዱ የእሳቸውም ቤት ነደደ። ባልና ሚስት ከአንድ ክፍል የማትበልጥ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ገቡ። ከፊልሙ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ክፍል ይህ ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም። ሁለቱ ሰዎች በጎጆዋ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወቅቶች በላያቸው ያልፋሉ፤ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ደግሞ የአበባው ጊዜ። አንድም ቃል የለም። በኋላ ተማሪዎቹ አዲስ ቤት ሠሩላቸው፤ ዓሣው ሳይታጠፍ እየዞረ እንዲዋኝ ሲባል ኩሬው እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ተቆፈረ። ያን ጊዜ ነው ድመቱ የመጣው።

አንድ ወንድ ድመት፣ የማንም ያልሆነ፣ በአጥር ገብቶ ቤተኛ ሆነ። በጃፓንኛ ባለቤት የሌለውን ድመት ‹‹ኖራ ኔኮ›› ስለሚሉት ስሙ ኖራ ተባለ። (የኢብሰንን ‹‹የአሻንጉሊት ቤት›› ያነበበ ሰው በሩን ዘግታ የሄደችውን ኖራን ሳያስብ አይቀርም። የኛው ኖራ ግን በሩን አልዘጋም፤ ይባስ ብሎ ክፍት አድርጎት ነው የሄደው።)

ሂያኬን በ1957 ባሳተመው ‹‹ኖራ ያ›› ማለትም ‹‹ኖራዬ›› በተባለው መጽሐፉ ቀኑን መዝግቦታል፤ መጋቢት 27 ቀን 1957፣ ከቀትር በኋላ። ሚስቱ አቅፋው ነበር። አወረደችው፤ በአትክልቱ ቅጠል መሀል ሰንጥቆ ሄደ። በማግስቱ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ኖራ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ማለት ግድ ይሆናል። ያ ቀን በጃፓን የአበባ ወራት ደጃፍ ነው፤ የቶኪዮ የቼሪ ዛፎች የሚፈነዱበት ሰሞን። እኛ ይህን ወቅት ሁልጊዜ ‹‹ፀደይ›› እያልን እንተረጉማለን። ቀን ቆጥረን ከሄድን ተርጓሚዎቻችን እውነት አላቸው፤ በባሕረ ሐሳባችን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነውና፣ ኖራ የጠፋበት መጋቢት 18 ቀን 1949 ዓ.ም. ለፀደይ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። ልብን አስቀድመን ከሄድን ግን ትርጉሙ ይከዳናል። መጋቢት ለኛ አቧራና ሐሩር፣ ሁዳዴና የበልግ ዝናብ ጥበቃ ነው። ጃፓናዊው በዚያ ወር የሚሰማው ደስታ እኛ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው የሚሰማን ነው። ስለዚህ የሂያኬንን ሐዘን መለካት የሚሻ አንባቢ ቀኑን ከመጋቢት አንስቶ ወደ መስከረም ያምጣው። ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ፣ ቤቱ ቄጠማ ጎዝጉዞ ሳለ፣ አንዱ ከቤት ወጥቶ ቀረ እንበል።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ‹‹የድመት ፍቅር›› በጃፓን ሐይኩ ግጥም ውስጥ ለዘመናት የፀደይ መግቢያ ምልክት ሆኖ ሲሠራበት የቆየ ቃል ነው። እኛ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ሲጮኹ ጫማ የምንወረውርባቸው አውራ ድመቶች እዚያ የወቅት አብሣሪዎች ናቸው። ያ ጥሪ ሳይሆን አይቀርም ኖራን ያስወጣው። እንግዲህ ቤቱን በደስታ የሞላው ወቅት ራሱ ድመቱንም ጠርቶ የወሰደ ነው። ሂያኬን ይህን ያውቃል፤ ማንንም መክሰስ የማይችለውም ለዚህ ነው።

የመጽሐፉ ኃይል ከለቅሶው ይልቅ ለቅሶው የሚነሣባቸው ነገሮች ላይ ነው። ኖራ ከሱሺ ቤት የሚመጣውን የእንቁላል ጥብስ ይወድ ነበር፤ ከጠፋ በኋላ ሂያኬን ከዚያ ቤት ማዘዝ አቃተው። ኖራ በመታጠቢያው ገንዳ ክዳን ላይ፣ ሙቀቱን ፈልጎ፣ ይተኛ ነበር፤ ሽማግሌው ያንን ክዳን ማየት ስላልቻለ መታጠብ ተወ። በጋዜጣ ውስጥ እየታጠፈ የሚታደል ማስታወቂያ ደጋግሞ አሳተመ፤ ያገኘ ወሮታ ይከፈለዋል ብሎ። ስልክ ይደወላል፤ የሚመስል ድመት አየን ይላሉ፤ ይኬዳል፤ አይደለም። ይህ በየቀኑ ይጻፋል፣ በየቀኑ ያው ነው። አንባቢ ይሰለቻል። መሰልቸቱ ግን የመጽሐፉ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም፤ የጠፋ ነገር የፈለገ ሰው ሁሉ ኑሮው እንዲሁ ነውና።

ኩሮሳዋ ከዚህ መጽሐፍ የወሰደው ፍለጋውንና እንባውን ነው። የኔታ ከስተው፣ ምግብ ገፍተው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኖራ የት ወድቆ ይሆን እያሉ ሲቃትቱ እናያለን። በሹመትና በንግድ የተከበሩ የቀድሞ ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው ድመት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። ለመምህራቸው ልቅሶ ደረሱ ማለት ነው። ልቅሶው ግን አስከሬን የለው፣ ሠልስት የለው፣ ‹‹ነፍስ ይማር›› የለው። ሰው ‹‹አረፈ›› ይባላል፤ ድመት ‹‹ሞተ›› ይባላል፤ የጠፋ ድመት ደግሞ ሞተ እንኳ አይባልም። ቤታቸው ሲቃጠል የኔታ የቀለዱት ልባቸው ደንዳና ስለሆነ አልነበረም። ያኔ ከተማው በሙሉ ነው የተቃጠለው፤ ሐዘኑ የሁሉ ስለነበር ቀልዱም የሁሉ ሊሆን ቻለ። ኖራን ግን ያጡት እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ለዚህ ሐዘን አገር የቆረጠለት ወግ የለም።

ፊልሙንም ከርእሱ ጋር የሚያጋጨው ይኸው ክፍል ነው። በግብዣው ላይ ሞት በተማሪዎቹ አፍ ‹‹ኩኩሉ›› ሲል የኔታ ‹‹አልነጋም›› ብለው ይመልሳሉ። በጓሯቸው ቆመው ‹‹ኖራ!›› ብለው ሲጣሩ ግን ፈላጊው እሳቸው ሆነዋል፤ የተደበቀው ደግሞ አይመልስም። ‹‹አልነጋም›› እንኳ አይላቸውም። ‹‹የድመቱ ነገር በዛ›› የሚል ተመልካች፣ አይቻለሁም፣ ይህን ልብ ያላለ ይመስለኛል።

ይህን ካልኩ በኋላ ኩሮሳዋን የማልምርበት አንድ ጉዳይ አለ። ሚስትየዋ! በፊልሙ ውስጥ ስም እንኳ የላትም። ትቀዳለች፣ ታነጥፋለች፣ ዝም ብላ ፈገግ ትላለች። በመጽሐፉ ግን ኖራን ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈችው እሷ ናት፤ ያወረዱት ክንዶች የሷ ናቸው። ባልየው ሲያለቅስ ሃያና ሠላሳ ወንዶች ተሰልፈው ያጽናኑታል፤ ድመቱን በእጇ የለቀቀችውን ሴት ግን ‹‹አንቺስ?›› የሚላት የለም። ታላቁ ፊልም ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት እጁ ላይ እያለ አልፎታል። ሌላም አለ። ኖራ በቤት ውስጥ የሚታይበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የእንቁላሉን ጥብስና የገንዳውን ክዳን በቅጡ ሳናውቅ እንድናለቅስ እንጠየቃለን፤ ደስታውን ሳያቀምሱን ሐዘኑን መጋበዝ ማለት ይህ ነው።

የሂያኬን መምህር የነበረው ናትሱሜ ሶሴኪ በዚህ ረገድ ይበልጠው ነበር። ሶሴኪ ‹‹እኔ ድመት ነኝ›› (1905–1906) በተባለው ልብ ወለድ ስሙን ያስጠራለት ድመት በቤቱ ነበረው፤ ለድመቱ ግን እስከ መጨረሻው ስም አላወጣለትም። በመስከረም 1908 ድመቱ ሲሞት ለወዳጆቹ የመርዶ ፖስታ ካርድ ላከ፤ ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ ስለሆንኩ ለቀብር መምጣት አያስፈልጋችሁም አለ። በ1909 ደግሞ ‹‹የድመቱ መቃብር›› የተባለች ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ የምትሆን ጽሑፍ አወጣ። የታተመችበት ስብስብ ርእስ ረጅሙን የፀደይ ቀን የሚያመለክት ነው። ድመቱ ከሳ፤ አስታወከ፤ ማንም ልብ አላለው፤ አንድ ጠዋት በጓዳ አሮጌ ምድጃ ላይ ሞቶ ተገኘ። በሕይወት ሳለ ዞር ብላ ያላየችው ሚስት ያን ጊዜ የመቃብር ምልክት ይሠራ ብላ ተነሣች። ልጆቹ በጠርሙስ አበባ፣ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ አኖሩ። ትንሿ ልጅ ብቻዋን መጥታ በመጫወቻ ጭልፋዋ ያን የመቃብር ውኃ እየቀዳች ጠጣች። እንባ የለም። በየሙት ዓመቱ ሚስትየዋ አንድ ቁራጭ ዓሣና ሩዝ ለመቃብሩ ታቀርባለች፤ አሁን አሁን ግን፣ ይላል ሶሴኪ፣ እስከ አትክልቱ ድረስ ሳትወስድ ሳሎን ካለው ቁምሣጥን ላይ ታስቀምጠዋለች።

ተማሪው እንዲህ መጻፍ አልቻለም ወይም አልፈለገም። በ1950 የመምህሩን ድመት የሚያስመስል የቀልድ መጽሐፍ የጻፈው ሂያኬን ሰባት ዓመት ቆይቶ የገዛ ድመቱ ሲጠፋ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብባል ለጥበቡ ሶሴኪን፣ ለድፍረቱ ሂያኬንን እመርጣለሁ።

ከኖራ በኋላ ሌላ ድመት ወደ ቤቱ ተጠግቶ ነበር። ጅራቱ አጭር ስለሆነ፣ በዚያው በጀርመንኛው፣ ‹‹ኩርዝ›› አሉት፤ አጭር ማለት ነው። ኖራን ይመስል ነበር። እሱም በ1962 ሲሞት ባልና ሚስት አጠገቡ ነበሩ። ቢሆንም ሂያኬን ስለ ኖራ መጻፉን አልተወም።

በፊልሙ መጨረሻ ግብዣው አሥራ ሰባተኛው ሆኗል፤ ሚስቶችና የልጅ ልጆችም መጥተዋል። የኔታ በመሀል ይደክማቸውና ወደ ቤት ይወሰዳሉ። ተማሪዎቹ በወዲያኛው ክፍል እየጠጡ ሲጠብቋቸው እሳቸው ሕልም ያያሉ። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን ነው። ፈላጊዎቹ ከሩቅ ‹‹ማዳ ካይ?›› ይላሉ። እሱ ‹‹ማዳ ዳዮ!›› እያለ ከጭድ ክምር ወደ ጭድ ክምር ይሮጣል፤ ሊደበቅ ሲል ቀና ብሎ በልዩ ልዩ ቀለም የተሞላውን ሰማይ ያያል፤ መደበቁንም ይረሳል። በዚያ ሕልም ውስጥ ድመት የለም።