የቱ ጋ ደረስክ?

ሰሞኑን ያገኘሁትን ነገር ለሰው ሳልናገር ማደር አቅቶኛል። ለጓደኞቼ ነገርኩ፣ ለአክስቴ ነገርኩ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ አልወጣልኝም፣ ይኸው ልጽፈው ቁጭ አልኩ። ያገኘሁት ጥያቄ ነው። «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ትላላችሁ። መልሱ እንደመጣ ፋታ ሳትሰጡ «የቱ ጋ ደረስክ?» ትጨምራላችሁ። አለቀ! ገንዘብ አያስወጣ፣ ቀጠሮ አይፈልግ። እስቲ በሞቴ ዛሬውኑ ሞክሩትና የሰውየውን ፊት እዩልኝ።

እስከዛሬ የምንጠያየቀው «ምን መጽሐፍ ትወዳለህ?» እያልን ነው። ለዚህኛው አገሬው መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፦ «ፍቅር እስከ መቃብር!» ያነበበውም ይላል፣ ያላነበበውም ይላል፣ ገዝቶ ቡፌ ላይ ያቆመውም ይላል። ውሸት ነው አልልም፤ የፈተና መልስ ነው። «አሁንስ?» ሲባል ግን ሰው ይደናገጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ እውነቱ ይወጣል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ለመንጃ ፈቃድ የትራፊክ ምልክት እያጠና ነበር፤ «የቱ ጋ ደረስክ?» ስለው «ቅድሚያ መስጠት ላይ ቆሜያለሁ» አለኝና ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ጎረቤቴ ውዳሴ ማርያም ነው አለችኝ። ቀጠል አድርጌ ስጠይቃት ልጇ የተዋሰችው የሲድኒ ሸልደን ትርጉም ትራሷ ሥር እንዳለ አመነች። ግማሹ ላይ ደርሳለች። ልጇ ገና መጀመሪያው ላይ ናት፤ እናትየው እያደረች እየቀደመቻት ነው!

የቢሯችንን ሕንፃ የሚጠብቁት አዛውንት ግን ጉድ አደረጉኝ። በየቀኑ «ደህና አደሩ» ከመባባል ሌላ አውርተን አናውቅም። ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው አየሁና «ጋሼ፣ ምን እያነበቡ ነው?» አልኳቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር።» እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ያው የፈተና መልስ። ያዳነኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። «የቱ ጋ ደረሱ?» ስላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና እንደ ነገረኛ ጎረቤት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ የምለው፣ ይቺ ውድነሽ በጣሙ ልጁን ማን ጠይቆት ነው የተሳለችበት?»

ቆሜ ቀረሁ። እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብዬ ነው። አስተማሪዎቼም እንደዚያ አሉኝ፣ ርዕሱም እንደዚያ ይላል። እሳቸው ግን ገና ከመነሻው በስለቱ ተናደው፣ የበዛብህ እናት ለእግዚአብሔር የገባችው ቃል ልጁን ዕድሜ ልኩን ሲያሳድደው ሊያዩ ነው የተቀመጡት። ደግሞም ልክ ናቸው! ስለቱ ባይኖር የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብቻውን ያን ሁሉ አያደርስም ነበር። እኔ ከመቃብሩ ተነስቼ ወደ ኋላ ሳነብ፣ እሳቸው ከእናትየው ደጃፍ ተነስተው ወደፊት ይሄዳሉ። «መጨረሻውን አያውቁትም እንዴ?» አልኳቸው። «እንዴት አላውቀው! በወጋየሁ ድምፅ ሰምቼ አልቅሼበታለሁ። አሁን ግን እዚህ ነኝ» ብለው ጣታቸውን ገጹ ላይ ተከሉ።

የተዋናዩን የወጋየሁ ንጋቱን ነገር ካነሱ አይቀር ልቀጥልበት። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ለብዙ ሰው የደረሰው ግን ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ነው። እስቲ አስቡት፤ የሚሰማው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ይቆማል። ማንም ገልጦ መቅደም አይችልም። ፊደል የቆጠረውና ያልቆጠረው፣ ባለ ሬዲዮውና የጎረቤት ሬዲዮ ሊሰማ የመጣው እኩል ቦታ ላይ ናቸው። በነጋታው «የቱ ጋ ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም እዚያው ነው። ዛሬም በመጽሐፉ ውስጥ ጉዱ ካሣን ሳነብ በጆሮዬ የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጠይቃችሁ እዩ።

ጥያቄው የሚይዘው ሽማግሌ ብቻ አይደለም። ፀጉር ቤት ካስክ ሥር የተቀመጠች አንዲት ወጣት የአዳም ረታን ወፍራም መጽሐፍ ይዛ አየሁ። ሁለት ምልክት ነበረው፤ አንዱ ቀይ ክር፣ አንዱ የታጠፈ የካፌ ደረሰኝ። «ሁለቱ ለምንድነው?» አልኳት። የካስኩ ጩኸት ስላላሰማት እየጮኸች መለሰችልኝ፦ «ክሩ ታሪኩ ነው፣ ደረሰኙ የግርጌ ማስታወሻው ነው! አንዳንዴ ከታች ያለው ከላይ ካለው ይበልጣል!» ቤቱ በሙሉ ሰማት። አዳም ረታ «ሕጽናዊነት» ብሎ ስለሚጠራው አጻጻፉ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ስብሰባ ተሰብስቦበታል፤ ያን ሁሉ ሰምቼ እንኳ አዳም እንዴት እንደሚነበብ በደንብ የገባኝ ያን ቀን በክርና በደረሰኝ ነው። ሹሩባ ትሠራ የነበረችው ልጅ ሥራዋን አቁማ «እስቲ አንብቢልን» አለቻት። አነበበችልን።

በነገራችን ላይ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መድረክ ላይ የሚወጣው ሁሉ ያወድሳል፣ አበባ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እስቲ አንዱን ተናጋሪ «የቱ ጋ ደረስክ?» በሉት! እኔ ድፍረቱ የለኝም፤ ያላችሁ ጠይቁና ጥሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጽሐፍን በጋራ የማንበብ ነገር የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማወቅ ለሚፈልግ፣ የነቢይ መኰንንን ታሪክ እነግረዋለሁ። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነበር፤ ኋላ አዲስ አድማስ ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት ለዓመታት መርቷል። በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እጁ ገባ። ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ሰው ዝም ብሎ አንብቦ መርሳት ይችል ነበር። ነቢይ ግን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። በምን ላይ? ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ብርማ ወረቀት ላይ! ወደ 3000 በሚጠጋ የሲጋራ ወረቀት ላይ ያን የሚያህል መጽሐፍ በደቃቅ ጽሑፍ ተረጎመው። የሚፈቱ እስረኞች ወረቀቱን በሲጋራ ፓኮ ደብቀው እያወጡለት፣ እሱም ሲፈታ ከየቦታው ለቅሞ አሰባስቦት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው አጫሾቹን ነው። አንድ ሰው ሲጋራውን ካልጨረሰ ስካርሌት ኦሃራ ወደሚቀጥለው ገጽ መሄድ አትችልም። ያ ወረቀት የብዙ ሰው እጅ አለበት፤ ያጨሰ፣ የሰጠ፣ የደበቀ፣ ያወጣ። ደራሲዋ አትላንታ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ገጾቿ አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በእስረኛ ኪስ ተከፋፍለው እንደሚወጡ ብትሰማ ምን ትል ነበር! መጽሐፉን ዛሬ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ካገኛችሁት እንዳትደራደሩ። ክፈሉና ሂዱ።

ደግሞ ጥያቄውን ጮክ ብሎ መጠየቅ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ «ምን እያነበብክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰው ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ ያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ አገር ታትሟል፤ አማርኛ ማንበብ የማይሆንላቸው በውጭ ያደጉ ልጆችም ደርሷቸዋል። አሜሪካ ያለችው የዘመዴ ልጅ በእንግሊዝኛው ይዛለች፣ እናቷ ደግሞ ድሮ የገዛችውን የአማርኛውን አውጥታ አብራት ጀምራለች። ስደውል እናትየው ስልኩን አንስታ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ «ጋዜጠኛው አሥመራ ገብቷል፤ ፊያሜታን ገና አላገኛትም፤ ልጅቷ እንዳትሰማ!» አለችኝ። እናትና ልጅ በሁለት ቋንቋ እየተሯሯጡ! ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። በቋንቋው መራራቅ ለዓመታት ሲያለቃቅሱ የነበሩ ሰዎች አሁን ምሽት ምሽት የሚጨቃጨቁት ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ጥሎ መሄዱ ልክ ነው አይደለም በሚል ነው። ልጅቷ ገና ከአሁኑ ጠልታዋለች። እናትየው ትከላከልለታለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ይህን ጥያቄ እኔ አሁን አግኝቼው ልፈነድቅ እንጂ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ልጆች ድሮም ያውቁታል። መጽሐፍ በመያዣ በሚከራይበት ጊዜ ያደጋችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ብሩን አስይዘህ፣ በሁለት ቀን መልሰህ፣ ሲመለስ ገጽ ተቀዷል አልተቀደደም ተብሎ ይገላበጥልሃል። ዛሬ ለገሃር አካባቢ መጽሐፍ ደርድሮ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ፤ ያልተሸጠለትን ቀን ላይ ያነባል፣ የሸጠውን ደግሞ ይጓጓለታል። አንድ ደንበኛ መጥቶ «አዲስ ነገር አለ?» ሲለው ሰማሁ። ልጁ አልመለሰለትም። «ያለፈው ሳምንት የወሰድከው ላይ የቱ ጋ ነህ?» አለው። ሰውየው ግማሹ ላይ እንደተወው አጉረመረመ፤ ገጸ ባሕሪው ሰልችቶታል። «እንግዲያው ሌላ አልሸጥልህም፤ ከዚያች ምዕራፍ በኋላ ነው የሚነሳው፤ ሂድና ጨርሰህ ና» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ልጁ አልሳቀም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ እህቴ፣ ምን ይዘሻል?» አለኝ።